ደህና ነኝ የሚለው ቤት

«ቁልፉ ይኸው!» አለ ሾፌሩ የቤት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እየጣለ። «ሌላ ቁልፍ የለም። ቤቱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እናቴ ያለችው ሆስፒታል ነው። ታዲያ ይሄን ማን ነው የሚልከው?»

ስልኩን ፕሮግራመሯ አፍንጫ ስር ደቀነው። «እማዬ» ከሚለው ስም ስር መልእክቶች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ደህና ነኝ። ደህና ነኝ። ደህና ነኝ።

ፕሮግራመሯ ስልኩን ተቀበለችው። «ምናልባት የቆየ መልእክት ኔትወርክ ይዞት ይሆናል» ልትል አፏን ስትከፍት ስልኩ መዳፏ ውስጥ ነዘረ። ከእማዬ፦ ደህና ነኝ።

ሰውየው ከገዛ ስልኩ የሚሸሽ ይመስል ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አየሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አየሽልኝ አይደል? ያበድኩ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ አንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ። ያወጣው የስልክ መተግበሪያ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት በተን ብቻ አለ። ከላይ አረንጓዴ፣ «ደህና ነኝ» የሚል፤ ከታች ቀይ፣ «ድረሱልኝ» የሚል። እናት ወይም አባት ጠዋት ሲነሱ አረንጓዴውን ይነካሉ፤ ልጅ ባለበት መልእክቱ ይደርሰዋል፤ ልጁ አስቀድሞ የቀዳው ድምፅም እዚያው ቤት ውስጥ መልስ ሆኖ ይሰማል። ሾፌሩ ይህን የወደደው መሪ ይዞ መልስ መጻፍ ስለማይችል ነበር። የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው።

ፕሮግራመሯን ባልደረቦቿ ራጅ ይሏታል። መተግበሪያ አልታዘዝ ሲል ሌሎቹ ኮድ ሲያነቡ ይውላሉ፤ እሷ ግን ስልኩን ከላፕቶፗ ጋር ታገናኝና የገጽ መመርመሪያ የሚሉትን መሣሪያ ትከፍታለች። መሣሪያው ስክሪኑ ላይ ባለው ነገር ሁሉ ዙሪያ ቀለም ያለው መስመር ያሰምራል፤ ዓይን የሚያየውንም የማያየውንም ጭምር። ከዚያም የተደራረበውን አንዱን ካንዱ ነጣጥሎ በአየር ላይ የተንጠለጠለ መስታወት ያስመስለዋል። ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። እሷን ግን አንዳንዴ ይቀፋታል፤ ባዶ የመሰለ ገጽ ውስጥ ያን ያህል ነገር ተደብቆ ሲገኝ።

አለቃዋ ጩኸቱን ሰምቶ ከክፍሉ ብቅ አለ። ነገሩን ቆሞ አዳመጠ፤ ለሾፌሩ ፈገግ አለለት፤ እሷን ግን በክንዷ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

«አብረሽው ሂጂ። ምናልባት ቤት የገባ ሌባ ይሆናል፤ ምናልባትም ስልኩን ከሩቅ የጠለፈው ሰው አለ። ብቻ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ለእኔ ነው የምትነግሪው፤ ለእሱ አይደለም። ተግባባን?»

«ተግባባን» አለች።

የሾፌሩ መኪና ከአውቶቡሱ ጋር ሲነጻጸር የአሻንጉሊት ያህል ናት። ጉልበቱ መሪውን እየነካ ነው የሚነዳት። መንገዱን ከያዙ በኋላ ሳትጠይቀው ማውራት ጀመረ።

«ወድቃ ነው። ዳሌዋ ነው የተሰበረው። ጎረቤት ናት ማታ ግድግዳ ሲንኳኳ ሰምታ በር ያስገነጠለችው። በሩን አሠርቼ፣ አዲስ የቁልፍ ጋን ገጥሜ፣ ቆልፌ ወጣሁ። ስልኳን ለመያዝ እንኳ አላሰብኩም።»

«አሁን እንዴት ናቸው?»

«ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ምንም አልሆነም ይላሉ። ከነርሶቹ ጋር ታወራለች፤ ከምግብ አምጪዋ ጋር እንዲያውም ትስቃለች አሉ። እኔ ስገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።» መብራቱ ቀይ ሆኖ ቆሙ። «እማዬ ስላት ዝም። ውሃ ልስጥሽ ስላት ዝም። እኔ እሷን የሚያስቀይም ምን ሠራሁ? በእናትሽ ንገሪኝ፣ ሰው እናቱን ሳያውቅ ያስቀይማል?»

«በወደቁበት ቀን መልእክት ልከው ነበር?»

«ኧረ ደጋግማ!» አለ፤ ፊቱ ለአፍታ በራ። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ስልኬ ሲንጫጫ ዋለ። ዛሬ አሮጊቴ ጨዋታ አምሯታል ብዬ ለትኬት ቆራጯ ሁሉ አሳየኋት፤ ስንስቅ ነበር የዋልነው። ያን ቀን ነው እንግዲህ የወደቀችው። ከዚያ በኋላ መሆን አለበት።»

ነገሩ ለፕሮግራመሯ አልተዋጠላትም፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

ቤቱ አሮጌ የኪራይ ሕንፃ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው ሰው እየተደገፈው የወዛ። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ኮሪደሩ ጨለም ያለ ነበር። ሾፌሩ ቁልፉን ጋኑ ውስጥ ከተተ፤ ሳያዞረው ቆመ።

ውስጥ ሰው እያወራ ነው።

«ጎበዝ እማዬ!» አለ ድምፁ ከበሩ ማዶ፣ ሞቅ ብሎ፣ ፈገግ እያለ። «እንዲህ ነው እንጂ! ደህና ዋይልኝ!»

ወዲያው የሾፌሩ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረና አያት።

«የኔ ድምፅ ነው» አለ።

«የቀዱት ነው» አለች በሹክሹክታ። «መልስ እንዲሆን የቀዱት።»

«አውቃለሁ የቀዳሁት እንደሆነ። ለማን ነው የሚናገረው?»

እሷም ታውቃለች። ያን ድምፅ የሚያጫውተውን ክፍል ራሷ ሞክራዋለች፣ ራሷ አጽድቃዋለች። ሆኖም የክንዷ ጸጉር ቆመ። ከጎኗ የቆመው ሰው፣ ዝም ያለው፣ ላብ ያጠመቀው፤ ከበሩ ማዶ ደግሞ ያው ሰው ደስ ብሎት ለባዶ ቤት ይናገራል።

በሩን ከፈቱት።

የታፈነ የቤት ሽታ ተቀበላቸው። መጋረጃው ተዘግቷል። መተላለፊያው ላይ አንድ ነጠላ ጫማ ተገልብጦ ወድቋል፤ ሌላው የለም። ምንጣፉ ወደ ግድግዳው ተጠቅልሎ ተሰብስቧል፤ የሆነ ሰው እየተጎተተ የሳበው ይመስላል። ሾፌሩ መኝታ ቤቱን አየ፤ መታጠቢያ ቤቱን አየ፤ ቁም ሣጥኑን ሳይቀር ከፈተ። ማንም የለም።

ማዕድ ቤቱ ውስጥ ብርሃን ነበር። ስልኩ እቃ ማጠቢያው ጎን፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ፣ በጀርባው ተኝቷል። መተግበሪያው ስልክ ቻርጅ ላይ እስካለ ድረስ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ሆኖ ነው የተሠራው፤ አረጋውያን በመክፈቻ ቁጥር እንዳይቸገሩ። አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ጣሪያው ላይ ተንጸባርቋል።

«ጎረቤቷ ናት እዚህ የሰካችው» አለ ሾፌሩ። «ከመሬት ላይ አንስቼ ቻርጅ አደረግኩት ብላኝ ነበር።»

ቆመው ጠበቁ። ስልኩን ማንም አልነካውም። የቤቱ ዝምታ ጆሮ ላይ የሚጮህ ዓይነት ነበር።

ጠብ።

ስክሪኑ ብልጭ አለ። «ጎበዝ እማዬ! እንዲህ ነው እንጂ! ደህና ዋይልኝ!»

ሾፌሩ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ጣሪያው ላይ፣ ልክ ከስልኩ አናት፣ ቡኒ የውሃ እድፍ ተስሏል። መሀሉ ላይ ሌላ ጠብታ እየወፈረ ነበር።

«ውሃ!» አለ። ከዚያ ሳቁ ለቀቀው፤ ጉልበቱን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «የላይኞቹ ቧንቧ ነው! ኧረ ጉድ! ደህና ነኝ የሚለኝ ውሃ ነው! እኔ እኮ መንፈስ ነው ብዬ… ኧረ የሰው ያለህ!»

እሷ አልሳቀችም። ጠብታው የት እንዳረፈ አይታለች። ውሃው እስካሁን እዚያው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ በስክሪኑ ታችኛው ክፍል፣ ቀዩ ላይ፣ «ድረሱልኝ» ከሚለው ቃል መሀል።

ሾፌሩ ከማጠቢያው ስር ባልዲ ሊፈልግ ጎንበስ አለ። እሷ ስልኩን በእጅጌዋ ጠረገችና በደረቅ ጣቷ ቀዩን ነካችው።

«ጎበዝ እማዬ! እንዲህ ነው እንጂ! ደህና ዋይልኝ!»

«አሁንም ጠብ አለ?» አለ ሾፌሩ ከማጠቢያው ስር።

መኪናው ውስጥ ያልተዋጠላት ነገር ቦታውን ያዘ። ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ያለ ገመድ ከስልኩ ጋር አገናኘችው። የገጽ መመርመሪያውን ከፈተች። በየነገሩ ዙሪያ መስመሮች ተሰመሩ፤ በፊደሎቹ፣ በአረንጓዴው፣ በቀዩ። እና ሌላ አንድ መስመር፤ ከስክሪኑ አናት እስከ ግርጌው የሚወርድ፣ ሁሉን የከበበ። ገጹን ነጣጠለችው። ሽፋኖቹ እየተለያዩ ወደ ፊት ወጡ። ከኋላ ነጩ መደብ። ከፊቱ ቀዩ። ከፊቱ አረንጓዴው። ከሁሉም ፊት ለፊት ደግሞ ቀለም የሌለው፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ እንደ መስኮት መስታወት የጠራ አንድ ሽፋን።

ምን እንደሆነ አወቀችው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ታስቦ የተጨመረ ነው፤ ጣታቸው አረንጓዴውን ቢስተው እንኳ እንዲይዝላቸው በዙሪያው ትንሽ የማይታይ ቦታ ይሰጠው ተብሎ። ቢሮ ውስጥ ሲሞከር አረንጓዴውን በትንሹ ነበር የሚያልፈው። ስፋቱ የተለካው ግን በፊደሉ መጠን ነው። በዚህ ስልክ ላይ ፊደሉ እጅግ ትልቅ ነበር። ፊደሉ ሲተልቅ ሽፋኑም አብሮ አድጎ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ቀዩን ዋጠው።

ቀዩ በተን ይታያል እንጂ የለም። ዓይኑ የደከመ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ የለም።

የራሷን ስልክ ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ ገባችና በሩን ገፋ አድርጋ ለአለቃዋ ደወለች። አለቃዋ ወዲያው አነሳ። ነገረችው።

«ውሃ እየተንጠባጠበ ነው አላልሽም?»

«ነው።»

«በቃ፣ ውሃ ነው በይው። ውሸት አልተናገርሽም።»

«ሴትየዋ መሬት ላይ ወድቀው ቀዩን ሲነኩ ነው የዋሉት።»

«ይህን አታውቂም። አልነበርሽም። ስሚኝ፣ በሚቀጥለው እድሳት ውስጥ አስገብተን ዝም ብለን እናስተካክለዋለን። ሰኞ እንሰብሰብና እንነጋገርበት። አሁን ወሬው ከወጣ አንድም ደንበኛ አይቀረንም።»

«እስከ ሰኞ የሚወድቅ ሰውስ?»

«አታሟርቺ!» አለና ዘጋው።

የአሮጊቷ አልጋ ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ የጭንቅላቷ ስርጉድ እስካሁን አለ። ፕሮግራመሯ ትንሽ ቆማ አየችው። ወደ ማዕድ ቤት ስትመለስ ሾፌሩ ባልዲውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ላፕቶፑ ፊት ቆሟል። ገጹ እንደተነጣጠለ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አለ። «ፊት ያለው ባዶው።»

ውሃ ነው ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ላይ መጥቶም ነበር።

«ተቀመጥ» አለችው። ከእርስዎ ወደ አንተ መዞሯን ሁለቱም አላስተዋሉም። «ተቀመጥና ልንገርህ።»

ነገረችው። ስትጨርስ ባልዲውን ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ የሚሰበር ነገር ይመስል።

«ፊደሉን ያተለቅኩላት እኔ ነኝ» አለ። «ዓይኗ ደክሟል፣ እንዳትቸገር ብዬ።»

«ልክ ነው ያደረግከው። በትልቅ ፊደል ሳንሞክረው ያወጣነው እኛ ነን።»

«እንግዲያው ያን ቀን… እሷ መሬት ላይ ሆና ድረሱልኝ ስትለኝ፣ እኔ…»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም፤ ጣሪያው ጨረሰለት። ጠብ አለ። ስልኩ በሰውየው ድምፅ፣ በሞቀ በደስተኛ ድምፅ፣ «ጎበዝ እማዬ!» አለ። ሾፌሩ ዘሎ ከቻርጀሩ ነቀለውና ስክሪኑን ደረቱ ላይ አፍኖ ያዘው። ድምፁ ከሸሚዙ ስር «ደህና ዋይልኝ» ብሎ ዝም አለ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሴቶች ክፍል በጠያቂ ተጨናንቋል። ፕሮግራመሯ መምጣት አልነበረባትም፤ ማንም አላዘዛትም። ሾፌሩም ነይ አላላትም። መኪናው ውስጥ ሲገባ እሷም ገባች፤ በቃ።

እናቱ ጥግ ያለው አልጋ ላይ ነበረች። የልጇን ኮቴ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሾፌሩ አልጋው ግርጌ ቆሞ ቀረ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ቃል የሚያስቀምጥ ሰውዬ አንዲት ቃል አጣ።

ፕሮግራመሯ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ጎኗን አሾልካ ገባች። አሁን ከአሮጊቷ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አለች አሮጊቷ። ዓይኗ ቀይ ነው፤ ንግግሯ ግን ጠንካራ ነው።

«ስልክዎ ላይ ያለውን ነገር ከሚሠሩት አንዷ ነኝ፣ እማማ።»

«እሱ የላከሽ ነሽ?»

«አይደለም። አንድ ነገር ላሳይዎት ነው።»

ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ነጣጥላ ያቆየችውን ገጽ ወደ እሷ አዞረችው። አሮጊቷ ዓይኗን አጥብባ አየች። ፕሮግራመሯ በጣቷ እያሳየች በቀስታ ተናገረች፤ ይሄ ቀዩ ነው፤ ይሄ አረንጓዴው ነው፤ ይሄ ደግሞ በላዩ የተነጠፈው ነው። ቀዩን ሲነኩ ጣትዎ የሚያርፈው እዚህ ነው። ቀዩ ጋ አይደርስም። ልጅዎ ጋ የሚደርሰው ደህና ነኝ የሚለው ነው።

አሮጊቷ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፍታ ነው ልጇን ያሳደገችው። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አየች።

«ገበር ነው በይኛ» አለች በመጨረሻ። «በውጭ በኩል የተሰፋ ገበር።»

«እንደዚያ ነው።»

«የማን እጅ ነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው?»

«የኛ» አለች ፕሮግራመሯ። «የኛ ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ አንገቷን ከትራሱ ላይ አዞረች። ስብራቱ ስላመማት ፊቷ ተኮማተረ፤ ግን አዞረች፤ ልጇን እስክታይ ድረስ።

«አልሰማኸኝም ማለት ነው?»

«አልሰማሁሽም፣ እማዬ። በፈጣሪ ስም አልሰማሁሽም።»

«የተቀዳ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለህ? በየጠዋቱ እሰማው የለም እንዴ። ግን ሰው መሬት ላይ ሲሆን ሌላ ነው።» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «መልስ መሰለኝ። ድረሱልኝ እላለሁ፣ ጎበዝ ትለኛለህ። ድረሱልኝ እላለሁ፣ ደህና ዋይልኝ ትለኛለህ። ቀኑን ሙሉ። በኋላ በክርኔ እየተሳብኩ ግድግዳውን የደበደብኩት ያንን ድምፅ እንዳልሰማ ብዬ ነው።»

ሾፌሩ አልጋው ጎን ተንበረከከና ፊቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረ። እናቱ እጇን አነሳችና መሀል ራሱ ላይ፣ ጸጉሩ ሳሳ ባለበት ቦታ ላይ አሳረፈችው።

«ተነስ፣ ሰው እያየህ ነው» አለችው። እጇን ግን አላነሳችም።

ፕሮግራመሯ ላፕቶፗን ልትዘጋ ስትል አሮጊቷ አቆመቻት።

«ቆይ፣ ልጄ። እንደኔ ዓይናቸው የደከመ ሌሎችም አሉ አይደል? የነሱስ ልጆች ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«አሁን፣ ይሄኔ፣ አንዷ መሬት ላይ ሆና እየነካችው ቢሆንስ?»

ፕሮግራመሯ ድርጅቱ የሚሠራበትን ገጽ ከፈተች። ከየቤቱ የሚመጡት መልእክቶች እዚያ ላይ እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ሌላ ጊዜ ስታያቸው ደስ ነበር የሚላት፤ ይህን ሁሉ ሰው አሳረፍን እያለች። አሁን ትኩር ብላ አየቻቸው። ደህና ነኝ፤ ከአንድ የማታውቀው ቤት። ደህና ነኝ፤ ከሌላ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፤ ከአንድ ቤት፣ በተከታታይ። የትኛው ሰላምታ እንደሆነ፣ የትኛው ጩኸት እንደሆነ መለያ የለውም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት አረንጓዴ፣ ያለ ድምፅ ይወርዳሉ።

ለቤተሰቦች ሁሉ በአንዴ ማስታወቂያ የሚላክበት ቦታ እዚያው ነው። መግቢያው አላት፤ ያለ አለቃዋ ፈቃድ ግን ተጠቅማበት አታውቅም። ጻፈች።

«ከእናት ከአባታችሁ ደህና ነኝ የሚል መልእክት ደርሷችሁ ከሆነ አትመኑት። ስህተቱ የኛ ነው። አሁኑኑ ደውላችሁ ድምፃቸውን ስሙ፤ ካላነሱ ወደ ቤት ሂዱ። ለጥያቄ በዚህ ቁጥር ደውሉ።» ከስሩ የቢሮውን ቁጥር ልታስገባ ጀመረች፤ አጠፋችውና የራሷን አስገባች። ላከችው።

ብዙም አልቆየ። ስልኳ ጮኸ፤ የአለቃዋ ስም ስክሪኑን ሞላው። እያየችው ሳለ በላዩ ላይ ሌላ ጥሪ መጣ፤ የማታውቀው ቁጥር።

የማታውቀውን አነሳች።

«ሄሎ?» አለች አንዲት ሴት፣ እየሮጠች ያለች ይመስል ትንፋሿ ተቆራርጦ። «መልእክቱን አየሁት። አባቴ አያነሳም። ዛሬ ደጋግሞ ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር…»

«እየሰማሁሽ ነው» አለች ፕሮግራመሯ፤ ቦርሳዋን እያነሳች። «ቤቱ የት ነው?»